በአንድ አውራ ጣት

አስከሬኑ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር ገና አልተነሣም፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ግን የአሟሟቱን ምክንያት ወስኖ ጨርሷል።

«ስልክ ነው የገደለው» አላት መርማሪዋን፣ እግሯ መሬት ሳይነካ የመኪናዋን በር ይዞ። «ደረጃ ሲወርድ ስልኩን ያይ ነበር፤ እግሩ ሳተው። ያሳዝናል። አሁን ቶሎ ቢነሣና ቢሮዎቹ በሰዓታቸው ቢከፈቱ ደስ ይለኛል።»

«ለምን?» አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ለምን እንደሚሏት ግን ጠይቃ አታውቅም። ሃምሳውን የተሻገረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ባለሥልጣን ሲቸኩል ካየች ወንበር ስባ የምትቀመጥ ዓይነት ሰው ናት፤ እኔም ስለዚህ ነው የምወዳት።

ሟቹ የዩኒቨርሲቲው የድረ ገጽ ክፍል ኃላፊ ነበር። ግቢው በሙሉ የሚያውቀው «አውራ ጣት» በሚል ቅጽል ስሙ ነው። በየስብሰባው እጁን አንሥቶ አንድ ነገር ስለሚደጋግም ነው ስሙ የወጣለት፦ «ተማሪው አውቶቡስ ውስጥ ቆሟል። አንድ እጁ ብረቱን ይዟል። የቀረችው አንድ አውራ ጣት ናት። ገጻችን በዚያች ጣት ካልሠራ፣ አልሠራም ማለት ነው።» ትልልቆቹ ይሥቁበት ነበር። እነሱ የሚፈልጉት ሰፊ ስክሪን ላይ የዲኖቹ ፎቶ ተንጣሎ የሚታይበት ገጽ ነው። ተማሪ በምን እንደሚከፍተው ማን ጠይቆ!

መርማሪዋ ደረጃው ሥር ደርሳ ጎንበስ አለች። ሟቹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ በቀኝ እጁ ትንሽ አሮጌ ስልክ ጨብጦ ተኝቷል። ከስልኩ ጀርባ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ስልኩን ከጣቶቹ መሃል አውጥታ ነካካችው፤ ይበራል፣ ኔትወርክ ግን የለውም። የራሷን አወጣች። የሷም የለውም። ከዚያ የሟቹን ኮት ዳሰሰችና ከውስጥ ኪሱ፣ ቁልፉ በደንብ ከተቆለፈው፣ ሌላ ስልክ አወጣች።

«የዛሬ ሰው ሁለት ስልክ ይይዛል» አለ ምክትል ፕሬዚዳንቱ።

ይህን ሲል አንዲት ወጣት ዘበኛውን ገፍታ ገባች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ጋሼ ደረጃ ላይ ስልክ አያይም» አለች።

«አንቺ ማነሽ?» አለች መርማሪዋ።

«እህቱ ነኝ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ያባረረኝ ተማሪ።»

ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኮርኒሱን መመልከት ጀመረ።

«ለምን ተባረርሽ?»

«አልተመዘገብሽም ተብዬ። የምንማረው ከሩቅ ሆነን በስልክ ነው። አምና ቅጹን ሞላን፤ መጨረሻ ላይ ‹አረጋግጥ› የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ ይላል። ቁልፉ ስልክ ላይ የለም። የለም ስንል ሬጅስትራሩ ውሸታሞች ናችሁ አለን፤ ሰነፎች ብሎ አሰናበተን። ጋሼ ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያጠና ከርሞ፣ ገጹ ሁሉ መጀመሪያ ለስልክ እንዲሠራ ዕቅድ አወጣ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ፊት ሊያቀርበው ነበር።» ወደ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዞረች። «ስልክ ገደለው ካላችሁ ዕቅዱንም አብራችሁ ልትቀብሩት ነው። እሱ ከተቀበረ እኛ አንመለስም። አልፈቅድም።»

«ኀዘን ላይ ነች» አለ ምክትል ፕሬዚዳንቱ በሹክሹክታ።

«ኀዘን ላይስ ናት» አለች መርማሪዋ። «ያለችው ግን ስለ ኀዘን አይደለም።»

የድረ ገጽ ክፍሉ ከደረጃው በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ሁለት ሰፋፊ ስክሪኖች፣ የተሰነጠቀ ነጭ ሰሌዳ፣ ግድግዳውን ይዞ የቆመ መደርደሪያ። መደርደሪያው ላይ ስልኮች በቁጥር ተሰልፈዋል፤ የተላጡ፣ የተሰነጠቁ፣ አንዳንዱም በላስቲክ የታሰረ፣ ሁሉም በየቻርጀሩ። አንዱ ቻርጀር ብቻውን ተንጠልጥሏል። ፕሮግራመሯ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ከሟቹ ጋር የምትሠራ ልጅ እግር ባለሙያ ናት።

«እነዚህ ምንድን ናቸው፣ ልጄ?»

«የመሞከሪያ ስልኮች ናቸው፣ እትዬ። ርካሽ ርካሹን እየፈለገ ሰበሰበ። አዲስ ገጽ ስንሠራ በእነዚህ ሁሉ ከፍተን ሳናይ አናወጣም፤ ተማሪው የሚይዘው እነዚህን ነዋ።»

«ሲም ካርድ አላቸው?»

«የላቸውም። የሚሠሩት በዚህ ክፍል ዋይፋይ ነው። ከበሩ ካለፉ ድንጋይ ናቸው። ደግሞም አንዷን ከመደርደሪያው ያነሣ ሰው ወዮለት። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ አንድ ቀን ለፎቶ ብላ ይዛ ብትወጣ፣ ደረጃው መሃል ደርሶባት ግቢው እስኪሰማ ነው የተቆጣት።»

«ደረጃው ላይስ የሰው ስልክ ይሠራል?»

«የማንም አይሠራም። ግድግዳው ወፍራም ነው። በግቢው ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ቦታ ሁሉ በእግሩ ዞሮ የለየው እሱ ራሱ ነው።»

«ትጣሉ ነበር አሉ።»

«እንጣላ ነበር» አለች ፕሮግራመሯ፣ ቀና ብላ። «እኔ ዘመናዊ አፕ እንሥራ እላለሁ። እሱ ‹ለጥቂት ሰው አፕ ከምትሠሪ የሁሉንም ሰው ገጽ አቃኚ› ይለኛል። ስንት ጊዜ ሥራዬን አፍርሶ አስጀምሮኛል። የሚያናድደኝ ደግሞ ትክክል መሆኑ ነበር።» ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «ትናንት አመሻሽ፣ እኔ ቤት ገብቼ፣ ደወለልኝ። ለነገው ጉባኤ ማስታወቂያ ለጥፊ አለኝ። ከቤቴ ሆኜ ለጠፍኩት።»

«ምን ይላል?»

«‹ነገ ጉባኤው ለተማሪ ክፍት ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ምዝገባውን በጉባኤው ፊት እንሞክረዋለን› ይላል። ሐሳቡ የመጣለት እያወራን ሳለ ነው። እንዴት እንደሣቀ ቢሰሙት።»

«አሁን አለ?»

«አውርጃዋለሁ። ጠዋት ዘበኛው አስከሬኑን እንዳገኘ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ደውሎ አውርጂ አለኝ። ቢሮ እንኳ አልተከፈተም ነበር።»

መርማሪዋ የተንጠለጠለውን ቻርጀር በጣቷ ወዘወዘችው።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋን ያገኘቻት ኮሪደር ላይ ነው፤ የኀዘን መግለጫው ላይ የሟቹ የትኛው ፎቶ እንደሚያምር ከራሷ ጋር ስትሟገት። ክፉ ሴት አይደለችም። ፎቶ ግን ትወዳለች።

«አልዋሽዎትም፤ አንዋደድም ነበር» አለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሱም እንደዚያው ነው። ስለ አንድ ቀይ ሳጥን ወር ሙሉ ተጨቃጭቀናል። እኔ ማስታወቂያ በቀይ ካልደመቀ ማን ያየዋል እላለሁ፤ እሱ ቦታ ይበላል ይላል። በስተኋላ ታረቅን፤ ኮምፒውተሩ ላይ እኔ እንዳልኩት፣ ስልኩ ላይ እሱ እንዳለው ሆነ።»

«ትናንት አመሻሽ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ምስክር ካሻዎት ቴሌቪዥኑን ይጠይቁ።»

«ምክትል ፕሬዚዳንቱስ?»

«እሱማ ከከተማ ውጭ እንግዳ ሲሸኝ አምሽቶ ነው የገባው፤ ሾፌሩም እንግዶቹም አሉ። ጠዋት ቸኩሎ ከሆነ የሚደብቀው ኖሮት አይደለም፤ ጋዜጠኛ ስለሚፈራ ነው።»

ሬጅስትራሩ የሚሠራበት ቢሮ ግቢው ውስጥ ካሉት ሁሉ የጸዳ ነው። እስክሪብቶዎቹ በመስመር ተኝተዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን ከመስኮቱ ይሰፋል። ሰውየው ለረዥም ዘመን አንድም ሰው «ተሳስተሃል» ብሎት የማያውቅ፣ ብሎት ቢያውቅም ያልሰማ ሰው ነው።

«ሥራ ሲያበቃ ወደ ቤቴ ሄድኩ» አለ። «ዘበኛው ይህን ቢሮ ሲቆልፍ አይቻለሁ። ሁሉንም ይቆልፋል፤ ያ ሰውዬ ብቻ ነበር የራሱ ቁልፍ ያለው።»

«ቤትዎ ይሠራሉ?»

«ቤቴ ኮምፒውተር የሚባል አይገባም። ሥራ የሚቀረው መሥሪያ ቤት ነው።»

«ዛሬ ጉባኤው ላይ እርስዎን ሊከስ ነበር አሉ።»

«ይክሰሰኛ» አለ፣ ከንፈሩን አጣሞ። «የምዝገባው ገጽ በእኔ ሥር ነው፤ ይሠራል ብዬ የፈረምኩም እኔ ነኝ፤ ዛሬም እፈርማለሁ። ታዲያ የተባረረ ሁሉ ስልኩን እያወዛወዘ በጉባኤ ፊት ቢያላግጥብኝ ሥርዓት ነው?»

«ተማሪዎች ስልክ ይዘው እንደሚመጡ እንዴት አወቁ?»

ሬጅስትራሩ አንዱን እስክሪብቶ ወደ መስመሩ መለሰ።

«ማስታወቂያ ወጥቶ የለ እንዴ። ድረ ገጹ ላይ።»

«መቼ አዩት?»

«ማታ፣ እራቴን በልቼ። በስልኬ።»

መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች። «እኔስ ስልክ ላይ ነገር መፈለግ አይሆንልኝም። የት ጋ ነበር?»

«በቀኝ በኩል ነዋ፣ ቀዩ ሳጥን ውስጥ» አለ ሬጅስትራሩ፣ ደንቆሮ እንደሚያስተምር። «ዕውር እንኳ አይስተውም።»

አመስግናው ወጣች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ሰውየው ግን እስክሪብቶዎቹን ማስተካከል ቀጠለ።

ከውጭ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ በስልኳ ከፈተች። የዩኒቨርሲቲው ስም መጣ፤ ከሥሩ የፕሬዚዳንቱ ፎቶ፣ ከሥሩ የዲኖቹ፣ ከሥሩ ዜናው፤ ሁሉም ነገር እንደ ቀበቶ ጠቦ ወደ ታች ተግተለተለ። ስልኩን ወደ ቀኝ ብታዘነብለው፣ ወደ ግራ ብታዘነብለው ያው ነው። ተነሥታ ወደ ፕሮግራመሯ ተመለሰች።

«ያንን ማስታወቂያ መልሰሽ ለጥፊልኝ።»

«ምክትል ፕሬዚዳንቱ አውርጂ ብሎኛል።»

«እኔ ደግሞ ስቀዪ እልሻለሁ።»

ፕሮግራመሯ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። መርማሪዋ ሰፊውን ስክሪን አየች፤ ከዚያ ስልኳን አየች። «አሁን ሁሉንም ሰብስቢልኝ» አለች።

የተሰበሰቡት ጉባኤው ሊደረግበት በታሰበው አዳራሽ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሰዓቱን እያየ ከፊት ተቀመጠ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋና ሬጅስትራሩ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ፕሮግራመሯ ስክሪኑ አጠገብ ናት። እህትየው አልቀመጥም ብላ በሩን ተደግፋ ቆመች። ከበሩ ኋላ ጉምጉምታ ይሰማል።

«ማን ነው ውጭ ያለው?» አለ ምክትል ፕሬዚዳንቱ።

«ተማሪዎች» አለች እህትየው። «ማስታወቂያው ከመውረዱ በፊት አይተውታል። ያላየውም ካየው ደርሶታል። የማባረሪያውን ደብዳቤ ተቀብለው ዝም ያሉ መስሎዎት ነበር?»

መርማሪዋ ቁጥር የተጻፈበትን አሮጌ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» አለች። «ሥሩ ይህ ነው። ሟቹ በእጁ ይዞት የተገኘው ይህንን ነው፤ ስልክ እያየ ወደቀ የተባለውም በዚህ ነው። ሲም የለውም። ከድረ ገጽ ክፍሉ በር ካለፈ ምንም አያሳይም። ደረጃው ደግሞ የማንም ስልክ የማይሠራበት ቦታ ነው፤ ያንን ከሟቹ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የራሱ ስልክ ከኮቱ ውስጥ ኪስ ተቆልፎበት ነበር። ታዲያ ምን ሊያይበት ያዘው?»

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ቁጥሩን ልታይ አንገቷን አሰገገች።

«አልያዘውም። ከወደቀ በኋላ ሌላ ሰው አስያዘው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ያ ሰው ተጨንቆ ከመደርደሪያው መጀመሪያ ያገኘውን አነሣ። ይህች ልጅ ብትሆን» አለች ወደ ፕሮግራመሯ እያመለከተች «የትኛው የሱ እንደሆነ ታውቃለች። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ብትሆን አንዷን በማውጣቷ ምን እንደደረሰባት አትረሳም። እህቱ የወንድሟን ስልክ አትስትም። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ከከተማ ውጭ ነበር። ያስያዘው ሰው ስለ እነዚያ ስልኮች ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ስልክ ለሱ ሁሉም አንድ ነው።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ሬጅስትራሩ።

«ነው» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ግምቱን ልተውና እርስዎን ልጠይቅ። ማስታወቂያውን ማታ ቤትዎ ሆነው በስልክዎ አየሁ ብለውኛል። አሁን ተመልሶ ተለጥፏል። እስቲ በስልክዎ ያሳዩኝ።»

ሬጅስትራሩ ስልኩን አወጣ። ለመክፈት ብዙ ታገለ። ከፈተና ጣቱን ወደ ቀኝ ጎተተ። መልሶ ጎተተ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«የለም» አለ ሬጅስትራሩ። «ቦታውን ቀይረውታል።»

«ማንም አልቀየረውም» አለች ፕሮግራመሯ። «ከላይ ነው፣ ከስሙ ሥር። ሳጥን የለውም፣ ቀለም የለውም፤ አንድ መስመር ጥቁር ጽሑፍ ነው። ስልክ ላይ እንዲህ እንዲሆን ያደረገው ራሱ አውራ ጣት ነው። ቀዩ ሳጥን በቀኝ በኩል የሚታየው በኮምፒውተር ብቻ ነው።» ሰፊውን ስክሪን አበራችው። ቀዩ ሳጥን በቀኝ በኩል ቦግ አለ።

«በስልክ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ቀኝ የለም» አለች መርማሪዋ። «አንድ ቀን እንኳ በስልክ ከፍቶ ያየ ሰው ይህን አይስትም። እርስዎ ግን ያዩት በሰፊ ስክሪን ነው። የት? ቤትዎ ኮምፒውተር የለም፤ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ቢሮዎ ተቆልፎ ነበር፤ ያንንም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ማስታወቂያው የወጣው ቢሮ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ የወረደው ቢሮ ሳይከፈት። በዚያ መሃል በዚህ ግቢ ውስጥ የበራ ሰፊ ስክሪን አውራ ጣት ፊት ያለው ብቻ ነበር። እሱ በሕይወት ተቀምጦ፣ እርስዎም አጠገቡ ቆመው አይተውታል።»

ሬጅስትራሩ ክራቫቱን ነካ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ወንበሯን ከሱ ትንሽ ሸሸት አደረገች።

«ለምን?» አለች መርማሪዋ። በዚህ ጊዜ ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

«ሊለምነኝ ይገባው ነበር እኮ!» አለ ሬጅስትራሩ። «እኔ ሄጄ ለመንኩት። ጉባኤውን ተወው፣ ቁልፉን በዝምታ አስተካክሉት፣ ማንም አይወቅ አልኩት። ‹የተባረሩትስ?› አለኝ። ያለፈው አልፏል አልኩ። ማስታወቂያውን አሳየኝና ‹ነገ አንተ ራስህ በእነሱ ፊት ትሞክረዋለህ› አለ። ደረጃው ድረስ ተከትዬ ለመንኩት። እየሣቀ ይወርዳል። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም፤ ሣቁን እንዲያቆም ነው።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች እህትየው ከበሩ። «ገጽህ ተበላሸ፣ እኛን መታህ። እሱ ይህን ቢናገር እሱን ገደልክ።» እያለቀሰች ነው፤ እንባዋን ግን አልጠረገችም።

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ሬጅስትራሩን በኋላ በር ይዞት ወጣ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ።

«እንግዲህ ወንጀለኛው ተይዟል። ለሁላችንም ከባድ ቀን ነው። ጉባኤው ተሰርዟል፤ የስልኩ ዕቅድ ጉዳይ ወደፊት በኮሚቴ...»

«አልተሰረዘም» አለች እህትየው።

«እመቤቴ፣ ኀዘንሽን...»

«ኀዘኔን ለኔ ይተዉልኝ። ስልክዎን ያውጡ።»

ምክትል ፕሬዚዳንቱ መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋን አየ። «ያውጡት እንጂ፣ ጌታዬ» አለች እሷም፣ ለራሷም በገረማት ድምፅ።

አወጣ። ውድ ስልክ ነው፤ ከመደርደሪያው ስልኮች ሁሉ የተሻለ። የምዝገባውን ገጽ ከፈተ። በአውራ ጣቱ ስሙን ሞላ፣ የትምህርት ክፍሉን ሞላ፣ ወደ ታች ወረደ። የገጹ መጨረሻ ደረሰ። ተመልሶ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ።

«‹አረጋግጥ› የሚለውን ይጫኑ» አለች እህትየው።

«እየፈለግኩት ነው።»

«ይፈልጉት። እኛም ፈልገነዋል።»

ብዙ ፈለገ። በመጨረሻ እጁን ዝቅ አደረገ።

«አላገኘሁትም» አለ።

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር» አለች። «ውሸታም ተባልኩ።»

የአዳራሹን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ኮሪደሩ እስከ ደረጃው ድረስ በሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ስልኩን በእጁ ይዟል፤ ጉምጉምታው ቀጥ አለ።

«አሁን ያሉትን ለእነሱም ይንገሯቸው» አለች። «ቃል ሳይጨምሩ፣ ቃል ሳይቀንሱ።»

ምክትል ፕሬዚዳንቱ ስልኩን እንደያዘ እስከ በሩ ሄደ። ብዙ ንግግር ያደረገ ሰው ነው፤ መግቢያና መደምደሚያ ያውቃል። አሁን ሁለቱንም ተዋቸው። ከዚያ ከፊት የቆሙትን ቀና ብሎ አየና ተናገረ።

«የለም» አለ። «ቁልፉ የለም። ልክ ነበራችሁ።»